ድርጊት የሚበዛባቸው የኮንሶል ጨዋታዎች፤ ብርታታቸውና ጉድለታቸው

ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዙ የሚሠሩት የጨዋታ መሣሪያዎች በልጆች ዘንድ የያዙትን ቦታ የማያውቅ የከተማ መምህር ዛሬ የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ስለ ጨዋታዎቹ በመምህራን ስብሰባም ሆነ በወላጆች ጉባኤ የሚሰማው አነጋገር በሁለት ጽንፍ የቆመ ነው። አንደኛው ወገን ጨዋታዎቹ የልጆችን አእምሮ የሚያደነዝዙና ወደ ጠብ የሚገፋፉ መርዞች ናቸው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሥልጣኔን ከመሣሪያ ጋር አንድ አድርጎ የማየት ልማድ ስላለው፣ ጨዋታዎቹ አእምሮን ያነቃሉ፣ ስለዚህም ወደ መማሪያ ክፍል ቢገቡ ይጠቅማሉ እስከ ማለት ይደርሳል። ሁለቱም ወገኖች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ይኸውም የሚፈርዱበትን ነገር ገልጠው አለማየታቸው ነው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለትምህርት ቤት ይበጃል ወይም አይበጅም ለማለት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግዴታ እንደሆነ ሁሉ፣ ስለ ጨዋታ ለመፍረድም ጨዋታው ራሱ ተጫዋቹን ምን እንደሚያስደርገው፣ ስለ ምን እንደሚሸልመውና ስለ ምን እንደሚቀጣው መመርመር ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ በጥቂት የታወቁ ጨዋታዎች ላይ መሞከር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

ኮንሶል የሚባለው መሣሪያ ለጨዋታ ብቻ ተብሎ የተሠራ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ሥዕሉን በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ያሳያል፤ ተጫዋቹም በእጁ በሚይዘው ጆይስቲክ አማካይነት ያዝዘዋል። ድርጊት የሚበዛበት ጨዋታ የምንለው ደግሞ ድሉ በዕውቀት ወይም በዕድል ሳይሆን በይበልጥ በዐይንና በእጅ ቅልጥፍና ላይ የተመሠረተውን ነው። መሮጥ፣ መዝለል፣ መተኮስ፣ መመከት፣ ማምለጥ የጨዋታው ግሦች ናቸው። ታሪኩ ረዥም ስለሆነ ዝርዝሩን አንገባበትም። በ1978 በጃፓን በሳንቲም በሚሠሩ ማሽኖች ላይ የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» በ1980 አታሪ ለተባለው የቤት መሣሪያ መቅረቡን፣ ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ የቤት ኮንሶሉን በ1983፣ ሶኒ ደግሞ ፕሌይ ስቴሽንን በ1994 በጃፓን ለገበያ ማቅረባቸውን ካወሳን ለጉዳያችን ይበቃል።

ከብርታቱ እንጀምር። በ1985 የወጣውና ሺጌሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ የነደፉት «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የመጀመሪያው ደረጃ፣ በሥነ ትምህርት ዐይን ለሚመለከተው፣ እጅግ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ትምህርት ነው። ጨዋታው ሲከፈት አንድም የቃል ማብራሪያ የለም። ሰውዬው በመስኮቱ ግራ ጠርዝ በኩል ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ቆሟል፤ ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ተጫዋቹ ወደ ቀኝ መሄድ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ጥቂት እንደ ተራመደ አንድ ትንሽ ፍጡር ከፊት ለፊት እየተንፏቀቀ ይመጣበታል። ቢነካው ይሞታል፤ የሚሞተው ግን ገና በጨዋታው መግቢያ ላይ ስለሆነ የሚያጣው ነገር ጥቂት ሰኮንዶችን ብቻ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ይዘላል። ሲዘል ወይ ፍጡሩን ተሻግሮ ያልፈዋል፣ ወይ በላዩ ላይ ወርዶ ይጨፈልቀዋል፣ ወይም ራሱን በላይ ከተንጠለጠለውና የጥያቄ ምልክት ከተሣለበት ሣጥን ጋር ያጋጫል። ከሣጥኑ እንጉዳይ ይወጣል። ይህ እንጉዳይ ወደ ቀኝ ተንሸራትቶ ከአንድ ቱቦ ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ተመልሶ ይመጣል። ተጫዋቹ ፈርቶት ሊሸሸው ቢሞክር እንኳ ለማምለጥ ይቸግረዋል፤ ሲነካው ግን አይሞትም፤ እንዲያውም ያድጋል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንዱ መጤ ጠላት፣ ሌላው ወዳጅ መሆኑ ያለ አንዲት ቃል ተነግሮታል።

በዚያው ደረጃ መጨረሻ አካባቢ ያለው አሠራር ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ሁለት መወጣጫዎች ፊት ለፊት ተተክለው በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ በመጀመሪያው ክፍተት ሥር መሬት ስላለ የወደቀ ተጫዋች ተነሥቶ እንደገና ይሞክራል። ጥቂት ራመድ ሲባል ተመሳሳይ መወጣጫዎች እንደገና ይመጣሉ፤ አሁን ግን በመካከላቸው ያለው ገደል ነው። ማለት ተማሪው አንዱን ችሎታ መጀመሪያ ስሕተት በማያስቀጣበት ቦታ ተለማምዶ፣ ወዲያው ስሕተት በሚያስቀጣበት ቦታ ይፈተንበታል። መምህራን በማሠልጠኛ ተቋም ስለ ልምምድና ስለ ምዘና ቅደም ተከተል ሲማሩ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ግን ልምምዱ ከምዕራፉ ጋር ሳይገናኝ፣ ፈተናውም ከልምምዱ ጋር ሳይመሳሰል የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ይገባል። ጨዋታው የሚያስተምርበት መንገድ የሚደነቅ ቢሆንም፣ የሚያስተምረው ነገር ራሱን ብቻ ነው። የመዝለሉን ልክ ያወቀ ልጅ የዚያን ዓለም የመሬት ስበት እንጂ የእኛን ዓለም የመሬት ስበት አላወቀም። ስለዚህ ከዚህ ጨዋታ የሚማረው መምህሩና የመጽሐፍ አዘጋጁ እንጂ ተማሪው ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከላይ የተገለጸው ጥንቃቄ የሁሉም ጨዋታ ባሕርይ እንዳይመስል «ኮንትራ» የተባለውን እንመልከት። በ1987 በሳንቲም ማሽን፣ በ1988 በቤት መሣሪያ የወጣው ይህ የተኩስ ጨዋታ ተጫዋቹን በአንዲት ጥይት ይገድለዋል፤ የተሰጠውም ሕይወት ሦስት ብቻ ነው። ይህ ጭካኔ ከሳንቲም ማሽን የተወረሰ ነው። በማሽኑ ላይ የተጫዋቹ ቶሎ መሞት ለባለቤቱ ገቢ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ገንዘቡ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ስላለቀ ችግሩ የተረፈው እንደ ልማድ ብቻ ነው። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለው ሠራተኛ በ1986 «ግራዲየስ» የተባለውን ሌላ ጨዋታ ሲያዘጋጅ ለራሱም ስለ ከበደው የቁልፎች ቅደም ተከተል ያለበት ምሥጢር አስገብቶበት ነበር። ያው ምሥጢር በ«ኮንትራ» ውስጥ ሦስቱን ሕይወት ሠላሳ ያደርገዋል። ምሥጢሩ ከልጅ ወደ ልጅ በቃል ተላልፎ ዓለምን አዳረሰ። አስቸጋሪነትና ጥልቀት አንድ አይደሉም፤ የፈተና አዘጋጆችም አንዳንድ ጊዜ ይህን የሚዘነጉት ይመስለናል።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ደም ማፍሰሱን ነው። ይህ ሥጋት አዲስ አይደለም። በ1992 በማሽን ላይ የወጣው «ሞርታል ኮምባት» በ1993 ወደ ቤት መሣሪያ ሲገባ፣ ተሸናፊውን በአሰቃቂ ሁኔታ መግደልን እንደ ሽልማት የሚያቀርብ በመሆኑ በአሜሪካ ብዙ ጩኸት አስነሣ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ስለ ጉዳዩ ምስክር ሰሙ። ኢንዱስትሪው መንግሥት ሳይቀድመው ራሱን ለመቈጣጠር ሲል በ1994 ጨዋታዎችን በዕድሜ የሚመድብ ቦርድ አቋቋመ። በአውሮፓም ተመሳሳይ ሥርዓት በ2003 ሥራ ላይ ዋለ።

ስለዚሁ ጥያቄ ሳይንሱ የሰጠው መልስ ከጩኸቱ ይልቅ የቀዘቀዘ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ማኅበር በ2005ና በ2015 ያወጣቸው ውሳኔዎች ዐመፅ የሞላባቸው ጨዋታዎች የጠበኛነትን ስሜት ይጨምራሉ ይላሉ። ያው ማኅበር በ2020 ውሳኔውን ሲያድስ ግን፣ እንደ መጮህና እንደ መገፈታተር ካሉ ነገሮች ጋር መጠነኛ ዝምድና ቢታይም፣ ጨዋታዎቹን ከእውነተኛ የወንጀል ዐመፅ ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታወቀ። አንድሩ ፕርዚቢልስኪና ኔታ ዋይንስታይን የተባሉት ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ14 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 1,004 የብሪታንያ ልጆችና አሳዳጊዎቻቸውን ጠይቀው፣ ዐመፅ ያለባቸውን ጨዋታዎች በመጫወትና በልጆቹ ጠበኛነት መካከል ዝምድና አላገኙም። የጥናቱ ጥንካሬ የጨዋታውን የዐመፅ መጠን ልጆቹ እንዲናገሩ ሳይሆን በይፋ ከተሰጠው የዕድሜ ምደባ መውሰዱ ነው።

በእኛ አስተያየት ይህ ክርክር ዋናውን ጉድለት ይሸፍነዋል። ልጁ ነገ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብለን ስንጨቃጨቅ፣ ዛሬ የሚያየው ሥራ እንደ ሥራ ደካማ መሆኑን ሳንናገር እንቀራለን። በ2005 በፕሌይ ስቴሽን 2 ላይ የወጣውን «ጎድ ኦቭ ዋር» ለምሳሌ እንውሰድ። ክራቶስ የተባለው የስፓርታ ተወላጅ ተታልሎ ሚስቱንና ልጁን በገዛ እጁ የገደለ፣ ይህም ጸጸት የማይለቀው ጦረኛ ነው። ለትራጀዲ የሚበቃ ታሪክ ነው። ነገር ግን ጨዋታው በእጅ ሲያዝ ጸጸቱ የሚኖረው በመካከል በሚገቡት የፊልም ቁራጮች ውስጥ ብቻ ነው፤ በጆይስቲኩ በኩል የሚሰማው ግርፋትና ቆረጣ እንዲሁም የግዳይ ብዛት ነው። በአንድ ቦታ ላይ በአሜሪካ በወጣው ቅጂ ተጫዋቹ በቀፎ ብረት ውስጥ የተቈለፈና ምሕረት የሚለምን ወታደር ሽቅብ ገፍቶ፣ በእሳት እንዲቃጠል ካላደረገ በሩ አይከፈትለትም። ሌላ መንገድ የለም። ይህ ትዕይንት የሚያስነቅፈው አሰቃቂ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ታላላቅ ድርሰቶችም አሰቃቂ ነገር ይዘዋል። የሚያስነቅፈው ተጫዋቹን የክፋት ባለቤት ካደረገው በኋላ ስለዚያ ክፋት ዳግመኛ አንድም ነገር አለመጠየቁ ነው። ወታደሩ የቁልፍን ያህል ተቈጠረ። ልማዱም ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ በር መክፈቻ ይሆናል።

የዚሁ ጨዋታ ተከታይ በ2018 በፕሌይ ስቴሽን 4 ሲወጣ፣ ይህን ጉድለት አዘጋጆቹ ራሳቸው ያወቁት ይመስላል። በኮሪ ባርሎግ መሪነት የተዘጋጀው አዲሱ ሥራ ክራቶስን አርጅቶ፣ ወደ ሰሜን አውሮፓ ተሰድዶ፣ አትሬዩስ የተባለ ትንሽ ልጅ ወልዶ ያሳየናል። የልጁ እናት ሞታለች፤ አባትና ልጅ አመድዋን ከተራራ ጫፍ ለመበተን ይጓዛሉ። አባትየው ልጁን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ብዙውን ጊዜ «አንተ ልጅ» ነው የሚለው። በመጀመሪያው አደን ላይ ልጁ ፍላጻውን ያለጊዜው ይለቅና አጋዘኑን ይስተዋል፤ አባትየው ይቈጣል፤ ቀስቱንም ይነጥቀዋል። በኋላ አጋዘኑ ተመትቶ ሲያጣጥር ልጁ ቢላዋውን ለመስደድ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ አባትየው እጁን በእጁ ላይ ይጭንበታል። መግደል በዚህ ሥራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደት አገኘ። ከዚያም አልፎ ልጁ ከአምላክ ዘር መሆኑን ሲሰማ ይታበያል፤ የተሸነፈ ጠላትንም አባቱ እየከለከለው ይገድላል፤ አባትየውም ይገሥጸዋል። ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያነብ መምህር በቀላሉ የሚያልፈው ነገር አይደለም።

ለእኛ ለትምህርት ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ሌላ ነው። ክራቶስ በመጣበት አገር የሚጻፈውን ጥንታዊ ፊደል ማንበብ አይችልም። ልጁ ግን እናቱ ስላስተማረችው ያነባል። ስለዚህ ያ አማልክትን የገደለ ግዙፍ ሰው በየግድግዳው ላይ ጽሑፍ ባጋጠመው ቁጥር ትንሽ ልጁን ጠርቶ ማስነበብ ግድ ይሆንበታል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ደብዳቤያቸውን በልጆቻቸው ያስነብቡበት በነበረው፣ ዛሬም በብዙ ቦታ በሚያስነብቡበት አገር ላለ መምህር ይህ ሥዕል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ኀይል ሁሉ በአባትየው እጅ ሲሆን ቁልፉ በልጁ አንደበት ላይ ነው። ከብዙ ሺሕ ድርጊት ከሚበዛባቸው ጨዋታዎች መካከል ንባብን እንዲህ ያከበረ ሌላ አላየንም።

ያም ሆኖ ጨዋታው ንባብን ያከብራል እንጂ አያስነብብም። ተጫዋቹ ጽሑፉ ወዳለበት ቀርቦ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ልጁ ያነብለታል፤ ጉዞው ይቀጥላል። መጥረቢያውን ወርውሮ መልሶ መቀለብን ግን ተጫዋቹ በገዛ እጁ፣ በመቶ ጊዜ ሙከራ ይለማመደዋል። ጨዋታው አስፈላጊ ነው ብሎ የሚያምንበትን ነገር ተጫዋቹ እንዲሠራው ያስገድደዋል፤ ጌጥ ነው ብሎ የሚያምንበትን ነገር በቁልፍ ያሳልፈዋል። በዚህ መለኪያ መጥረቢያው ትምህርት፣ ፊደሉ ጌጥ ነው። በእኛ እምነት የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ ዋና ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከዐይንና ከእጅ በቀር ሌላ ጡንቻ የሚያሠሩበት ግሥ አልተገኘላቸውም።

አሁን ዐይንና እጅ ራሳቸው ያተርፋሉ ወይ ወደሚለው ጥያቄ እንለፍ። በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሾን ግሪንና ዳፍኔ ባቬሊዬ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዚህ ቀደም የማይጫወቱ ሰዎችን ለ10 ቀናት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ የጦርነት ጨዋታ አስጫውተው፣ ሌሎቹን ደግሞ ረጋ ያለውን «ቴትሪስ» አስጫውተው ሲያወዳድሩ፣ የመጀመሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር በዐይን በመከታተል የተሻሉ ሆነው አገኟቸው። ይህ ጥናት በዓለም ዙሪያ ብዙ ተወርቶለታል። በ2007 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ይጫወቱ የነበሩ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች በካሜራ በሚመራው የቀዶ ጥገና ልምምድ 37 ከመቶ ያነሰ ስሕተት መፈጸማቸውን ገለጸ። ሁለተኛው ግን ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያሳይም፤ ፈጣን እጅ ያለው ሰው ጨዋታንም ቀዶ ጥገናንም ሊወድ ይችላልና። በመጀመሪያው ዓይነት ጥናቶች ላይም ዋልተር ቡትና ባልደረቦቹ በ2011 ጠንካራ ሂስ አቅርበዋል፤ ይኸውም ፈጣን ጨዋታ የተጫወተ ሰው በፈጣን ፈተና ላይ እሻላለሁ ብሎ ስለሚጠብቅ፣ መሻሻሉ ከጨዋታው ይምጣ ወይም ከዚህ ተስፋ ይምጣ አልተለየም የሚል ነው። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ ስለዚህ በዚህ መሠረት ላይ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ቤቱን በአሸዋ ላይ ይሠራል።

ለመምህር ይበልጥ የሚጠቅሙት ከንባብ ጋር የተያያዙት ሁለት ጥናቶች ናቸው። ሁለቱም በኮንሶል ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ውጤታቸውም በመጀመሪያ ሲታይ ይጋጫል።

የመጀመሪያው ሮበርት ዋይስና ብሪታኒ ሴራንኮስኪ በአሜሪካ አድርገው በ2010 ያሳተሙት ነው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆነና ኮንሶል ያልነበራቸው 64 ወንዶች ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ፕሌይ ስቴሽን 2 ወዲያው ተሰጣቸው፤ ለቀሩት ከአራት ወር በኋላ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። አራቱ ወር ሲያልቅ መሣሪያውን የተቀበሉት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ በንባብና በጽሕፈት ዝቅ ያለ ውጤት አገኙ፤ መምህሮቻቸውም በትምህርት በኩል የበለጠ ችግር አዩባቸው። ምክንያቱ ጨዋታው አእምሮን ማደንዘዙ ሳይሆን ከትምህርት በኋላ ለንባብና ለቤት ሥራ ይውል የነበረውን ሰዓት መውሰዱ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው በኢጣሊያ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሳንድሮ ፍራንቸስኪኒ፣ አንድሬያ ፋኮኤቲና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያሳተሙት ነው። የንባብ ችግር ያለባቸው 20 ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ ዐሥሩ «ሬይማን ሬቪንግ ራቢድስ» ከተባለው የዊ ኮንሶል ጨዋታ ድርጊት የሚበዛባቸውን ክፍሎች፣ ዐሥሩ ደግሞ የረጉትን ክፍሎች ተጫወቱ። ልምምዱ በዘጠኝ ጊዜ፣ በየጊዜውም 80 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 12 ሰዓት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ትክክለኛነታቸው ሳይቀንስ በፍጥነት ማንበብ ቻሉ። የንባብ ትምህርት ግን በዚያ ጊዜ አልተሰጣቸውም። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ያስረዱት ልጆቹ ዐይናቸውን በፊደላት ላይ የማሰማራት ትኩረታቸው ስለ ተሻሻለ ነው በማለት ነው።

ኢጣሊያንኛ እንደሚነገረው የሚጻፍ ቋንቋ ስለሆነ፣ የንባብ ችግር ያለበት ልጅ በይበልጥ የሚታወቀው በስሕተቱ ሳይሆን በዝግታው ነው። የእኛም ፊደል፣ መጥበቅና መላላትን ካለማሳየቱ በስተቀር፣ ድምፅን በቅርብ የሚከተል በመሆኑ ውጤቱ እኛን ይመለከታል የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። አሳቡ ይናቃል አንልም። ነገር ግን ኢጣሊያንኛ የሚጻፈው ከሠላሳ በማይበልጡ ፊደላት ሲሆን፣ የእኛ ተማሪ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን መለየት አለበት፤ ዐሥር ልጆች የተጫወቱበትን ሙከራ ከዚያ ወደዚህ ማሻገር ድፍረት ነው።

ሁለቱ ጥናቶች በእርግጥ ይጋጫሉ ወይ? በፓዶቫ ጨዋታው እንደ መድኃኒት ተለክቶ፣ ችግር ላለበት ልጅ፣ በአዋቂ ፊት፣ በ12 ሰዓት ተወስኖ ተሰጠ። በአሜሪካው ጥናት መሣሪያው ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ልዩነቱ በጨዋታው ውስጥ ሳይሆን በሰዓቱ አያያዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ጨዋታ ንባብን ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ አጠያየቁ ራሱ የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ከጨዋታው የተነሣ የትኛው ሰዓት ጠፋ የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ ከተሞች ልዩ መልክ አለው። አብዛኛው ልጅ ኮንሶል በቤቱ የለውም፤ የሚጫወተው ፕሌይ ስቴሽን ቤት በሚባሉት ትናንሽ የኪራይ ክፍሎች ውስጥ፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት እየከፈለ ነው። በነዚህ ቤቶች ውስጥ በይበልጥ የሚፈለገው የእግር ኳስ ጨዋታ እንጂ ከላይ የተነቀፈው ዓይነት አይደለም፤ ይህንንም የሚከሱት ሁሉ ቢያውቁት መልካም ነው። በቤቶቹ የሚታየው ጥቅም ጨዋታው የብቻ አለመሆኑ ነው፤ ልጆቹ ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይዳኛሉ። ጉዳቱም ግልጽ ነው። የዕድሜ ምደባው በጨዋታው ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ስለሚቀር፣ በአሜሪካም በአውሮፓም ለልጆች እንደማይሆን የተመደበው «ጎድ ኦቭ ዋር» የዐሥር ዓመት ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ሊከፈት ይችላል። ገንዘቡ የምሳ፣ ሰዓቱ የትምህርት ሰዓት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በጨዋታዎቹ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ሁሉ በባዕድ ቋንቋ በመሆኑ፣ ከመስኮቱ ላይ አንዲት የዐማርኛ ቃል እንኳ ሊያነብ አይችልም።

መምህራን በዚህ ረገድ ቸኩለው ስም ከመለጠፍ ሊጠነቀቁ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ተቀብሎ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ሱስን እንደ በሽታ ይቈጥረዋል፤ ሆኖም ለዚህ ስም የሚያበቃው ልጁ ራሱን መቈጣጠር አቅቶት፣ ሌላው ኑሮው ሁሉ ተበላሽቶ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ሲታይ ነው። ሁለት ቀን ከክፍል የቀረ ልጅ ሱሰኛ አይባልም።

ለዕቅድ አውጪዎች የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ኮንሶል ገዝቶ ወደ ክፍል ማስገባት አሁን ባለው ማስረጃ አይደገፍም፤ በዚያው ገንዘብ የንባብ መጻሕፍት መግዛት ይሻላል። ፕሌይ ስቴሽን ቤቶችን በዘመቻ መዝጋትም ልጁን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ ወደ ቤተ መጻሕፍት አያገባውም፤ በተለይም የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተቈልፎ በሚውልበት አካባቢ። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚወጣበትን ሰዓት ተከትሎ የሚከፈተው በር የጨዋታ ቤቱ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱን ከጨዋታው ላይ ብቻ መጣል አግባብ አይደለም። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሁለት ሰዓት ማዘግየት በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሥልጣን ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት ስለ ሌላ መሣሪያ መነጋገር ያለጊዜው ይሆናል።

የዐማርኛ መምህር ደግሞ ጨዋታውን ሳያስገባ ሊጠቀምበት ይችላል። ተማሪው የሚያውቀውን ጨዋታ አንድ ደረጃ፣ አይቶት ለማያውቅ ሰው፣ በሁለት ገጽ እንዲያስረዳ ድርሰት ይሰጠው፤ ቦታውን፣ ቅደም ተከተሉን፣ ለምን እንደ ተሸነፈና በሁለተኛው ሙከራ ምን እንደ ለወጠ ይጻፍ። ይህ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። እጁ በቅጽበት የሚያውቀውን ነገር ተማሪው በቃል ለመግለጽ ሲነሣ «ከዚያ ዘለልኩ፣ ከዚያ ዘለልኩ» ብሎ በሦስት መስመር ይጨርሳል። መምህሩ ሥራውን የሚጀምረው ከአራተኛው መስመር ነው።